ባለሜዳ ከመባላችን በፊት፦ ስለ ሴካፋ ውድድር መስተንግዶ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች (ሴካፋ) የዋናው ብሔራዊ ቡድን ውድድርን ለማስተናገድ ከመጠየቃችን አስቀድሞ ስለ ውድድሩ አደረጃጀትና ስለ ተመልካች አቀባበል ሐሳብ ስለማቅረብ

ክቡራን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባላት፣

የምሠራበት ቢሮ ከለገሃር ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ መስኮቱ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ይመለከታል። ስታዲየሙ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያስተናግድ በነበረበት ጊዜ የትኬት ሰልፉ የት ድረስ እንደ ደረሰ ከወንበሬ ሳልነሣ አይ ነበር። ሰልፉ አጥሩን ታክኮ ሄዶ ሄዶ ከዓይኔ ከተሰወረ ዋልያዎቹ የሚጫወቱበት ቀን ነው፤ በር ላይ ኮሎና ለውዝ ሻጮች ብቻ ቆመው ከታዩ ግን ውስጥ ሁለት የእንግዳ አገር ቡድኖች እየተጫወቱ ነው ማለት ነው። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት ነው። እንግዳ ጋብዘን፣ አልጋ ይዘን፣ ባንዲራ ሰቅለን ስናበቃ እንግዶቹ ማንም በሌለበት ሜዳ ሲጫወቱ ማየት እንደ ተመልካች አሳፍሮኝ ያውቃል፤ ይህም የሕዝቡ ግድየለሽነት ሳይሆን የመርሐ ግብርና የአደረጃጀት ጉድለት ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤውን አሁን የጻፍኩበትን ምክንያት ላስረዳ። አገራችን እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ለማስተናገድ ያላትን ፍላጎት በይፋ ገልጻለች፤ ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረውና ከ60,000 በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየምም የዚህ ፍላጎት ማሳያ ሆኖ በየመድረኩ ይጠቀሳል። ፍላጎቱን እደግፋለሁ። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ በጋራ ለማስተናገድ ሲነሡ፣ ከዚያ ቀደም ብለው በ2017 ዓ.ም. ክረምት በአገር ውስጥ ሊጎች ለሚጫወቱ ተጫዋቾች የተዘጋጀውን ቻን በጋራ አስተናግደው በሮቻቸውን፣ ትኬታቸውንና ጥበቃቸውን ፈትነዋል። እኛ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. የ2020 ቻን ተሰጥቶን ሳለ ዝግጅታችን ባለመድረሱ ውድድሩ ወደ ካሜሩን ሄዷል። ከትልቁ ድግስ በፊት በትንሹ እጃችንን ማፍታታት ካለብን፣ ለዚህ ከሴካፋ ውድድር የተሻለ አጋጣሚ አይኖርም። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1926 የጎሴጅ ዋንጫ ተብሎ በኬንያና በዩጋንዳ መካከል የተጀመረ፣ በዕድሜ ከአፍሪካ ዋንጫ በ30 ዓመት በላይ የሚበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ካምፓላ ላይ ከተካሄደ ወዲህ ግን ቋሚ ዑደቱን አጥቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ያስተናገድነውም ከ23 ዓመት በታች ለሆኑ ቡድኖች የተዘጋጀ ነበር። የዋናው ቡድን ውድድር አስተናጋጅ ሲፈለግ እጃችንን ማውጣታችን አይቀርም፤ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ግን የምንነጋገርበት ነገር አለ።

ባለሜዳ የሚለው ቃል ትርጉሙ ከተዛባብን ቆይቷል። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መመዘኛ ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርግ ዓመታት አልፈዋል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳ የተባልነው ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። እኔ ያን ጨዋታ የተመለከትኩት አምባሳደር አካባቢ ባለ አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው። ጎል ሲገባ ከየቤቱ የወጣው ጩኸት አንድ ላይ ገጥሞ መንገዱን ሞላው፤ አስተናጋጇ የያዘችውን የአቮካዶ ብርጭቆ አስቀምጣ አጨበጨበች፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ስታዲየም ግን ጭር እንዳለ ነበር። የተመልካች ጥማት በዚህች ከተማ የለም የሚል ሰው ካለ ያን ቀን መሀል ከተማ አልነበረም።

የማስተናገድ ታሪክ የለንም የሚልም የለም። በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግደናል፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ስታዲየም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን አስቀርተናል። በሴካፋም አራት ጊዜ፣ በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. አሸንፈናል፤ ከአራቱ ሁለቱን፣ የመጀመሪያውንና የ1997ቱን፣ ያነሣነው አዲስ አበባ ላይ ነው። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ከዚምባብዌ ጋር ለፍጻሜ ስንገናኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ካታንጋ በሚባለው የስታዲየሙ የተመልካች ክፍል ውስጥ ከፊቴ የቆሙት ትልልቅ ሰዎች ስለ ጋረዱኝ፣ ጨዋታው 1 ለ 1 አልቆ የተመቱትን ፍጹም ቅጣት ምቶች አየኋቸው ለማለት ይቸግረኛል፤ አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ጆሯቸው ላይ የለጠፏት ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸውና ውጤቱን ከሳቸው ፊት ላይ ነበር የማነበው። 5 ለ 4 ስናሸንፍ ሬዲዮኗን ለእኔ ሰጥተው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። እንዲህ ያለውን ቀን ለማግኘት ስፖንሰር ወይም ማስታወቂያ አያስፈልግም፤ የፍጻሜ ቀን ሁልጊዜም ራሱን ይሞላል። የአስተናጋጅ ችሎታ የሚለካው ግን ብሩንዲና ጅቡቲ በሥራ ቀን ሲገናኙ ነው።

እዚህ ላይ ከዓመታት በፊት የሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ ትዝ ይለኛል። ጨዋታው የተጀመረው በሥራ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስለነበር የምሳ ሰዓቴን አስረዝሜ ገባሁ። ሚስማር ተራ በሚባለው የስታዲየሙ ክፍል የነበርነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነበርን፤ ከመካከላችንም ግማሾቹ ፀሐይ ለመሞቅ የገቡ ይመስሉ ነበር። አንዱ ተከላካይ ለበረኛው ሲጮህ ቃሉ በግልጽ ይሰማል፤ ኳሱ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ጋር ሲጋጭ ድምፁ በባዶው ደረጃ ላይ ዞሮ ይመለሳል። ከእንግዶቹ የአንዱ ጎል ሲገባ ጎል አግቢው እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ ወደ ተመልካች ሮጠ፤ ከዚያ ግን የሮጠበት አቅጣጫ ሰው እንደሌለበት አይቶ መንገድ ላይ ቆመና ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። እንግዳ የተቀበልን መስሎን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውድድሩ አደረጃጀት ልግባ፤ ምክንያቱም የሜዳው ባዶነት የሚጀምረው በር ላይ ሳይሆን ድልድሉ ሲወጣ ነውና። በኅዳር 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን፣ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን ይዘን ያስተናገድነውን ውድድር እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ማላዊን በእንግድነት ጨምሮ 12 ቡድኖች በሦስት ምድብ አራት አራት ሆነው ተደለደሉ። ከየምድቡ ሁለት ሁለት፣ በተጨማሪም ከሦስተኞቹ የተሻሉት ሁለቱ ለሩብ ፍጻሜ የሚያልፉበት ሥርዓት ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በየምድቡ 6፣ በድምሩ 18 ጨዋታ ተደርጎ የሚሰናበቱት ቡድኖች አራት ብቻ ናቸው። የውድድሩ ጠቅላላ ጨዋታ 26 ስለነበር፣ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሆነው ጊዜ፣ የሜዳ ሣርና የጸጥታ ኃይል የዋለው አራት ቡድን ለመሸኘት ነበር። አንድ ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቆ ከመርካቶ ወይም ከካዛንችስ ተነሥቶ ለመምጣት ሲያስብ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የዛሬው ተሸናፊ ምን ይሆናል?» መልሱ «ምንም አይሆን፤ በሦስተኛነት ያልፋል» ከሆነ ሰውየው ቢሮው ቢቀመጥ አይፈረድበትም።

እውነቱን ለመናገር የዚያ ሥርዓት ትልቁ ተጠቃሚ እኛው ነበርን። የመክፈቻውን ጨዋታ በሩዋንዳ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ሶማሊያን 2 ለ 0 አሸንፈን ከታንዛኒያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየን፤ በአራት ነጥብ ከምድባችን ሦስተኛ ሆነን በዚያችው የጓሮ በር አለፍን። ለሩብ ፍጻሜ የደረሰንም መልሶ ያችው ታንዛኒያ ስትሆን፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት ዳግመኛ 1 ለ 1 ተለያይተን በፍጹም ቅጣት ምት አለፍን። በዩጋንዳ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፈን፣ ሱዳንን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተን ሦስተኛ ወጣን፤ ዩጋንዳም ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እኔም እንደ ማንኛውም ደጋፊ ተደስቻለሁ፤ ነገር ግን የምድቡ ጨዋታ ምን ወሰነ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከታንዛኒያ ጋር በ90 ደቂቃ ያልፈታነውን ነገር በሌላ 90 ደቂቃ ለመድገም መውሰኑ ብቻ ነው የሚታየኝ።

የአደረጃጀት ነገር ሜዳችን ላይ ሲያስቸግር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባና ድሬዳዋ ባስተናገዱት የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጫውተው በነጥብ የሚለዩበት ሥርዓት ነበር። መጋቢት 5 ቀን ሞሮኮና ጊኒ ሲገናኙ ለሞሮኮ አቻ ይበቃት ስለነበር፣ ጊኒ እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 1 ለ 0 ስትመራ ከቆየች በኋላ ሞሮኮ አቻ አድርጋ ሻምፒዮን ሆነች። በአጋጣሚ የመጨረሻው ቀን ጨዋታ ወሳኝ ሆኖ ወጣ እንጂ፣ አንዱ ቡድን ቀደም ብሎ ነጥቡን ቢጨርስ ኖሮ የአህጉሩ ዋንጫ በሞተ ጨዋታ ይጠናቀቅ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የሴካፋ ውድድር ደግሞ በፍጻሜው በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፈችው ዛምቢያ ስትሆን፣ ተጋባዥ ስለነበረች የሻምፒዮንነቱ ክብር ለተሸነፈችው ለሱዳን ተሰጠ። ተመልካቹ በዓይኑ ያየው አሸናፊና መዝገብ ላይ የሰፈረው አሸናፊ የተለያዩበት ይህ ውድድር ለእኔ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ተጋባዥ ከተጋበዘ ዋንጫውንም የመውሰድ መብት ይኑረው፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ደግሞ አይጋበዝ።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። 12 ቡድኖች ከመጡ በአራት ምድብ ሦስት ሦስት ሆነው ይደልደሉ፤ ከየምድቡም አንደኛው ብቻ በቀጥታ ለግማሽ ፍጻሜ ይለፍ። የምድቡ ጨዋታ 12፣ ከግማሽ ፍጻሜ ጀምሮ ያለው 4፣ በድምሩ 16 ጨዋታ ይሆናል፤ በ12ቱ የምድብ ጨዋታ የሚሸኙት ቡድኖችም አራት መሆናቸው ቀርቶ ስምንት ይሆናሉ። ሦስት ቡድን ባለበት ምድብ በመጨረሻው ጨዋታ አንዱ ቁጭ ብሎ ስለሚመለከት የቀሩት ሁለቱ ይመሳጠራሉ የሚል ሥጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሥጋቱ ተገቢ የሚሆነው ሁለት ቡድን የሚያልፍ ሲሆን ነው፤ የሚያልፈው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱም የሚጠቀሙበት ውጤት ስለማይኖር የሚመሳጠሩበት ምክንያት አይኖርም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ቡድን ሁለት ጨዋታ ብቻ አድርጎ ይመለሳል፤ አስተናጋጇ አገርም በአንድ ሽንፈት ልትሰናበት ትችላለች። ለሁለተኛው ተቃውሞ መልስ የለኝም፤ ዕዳውን መቀበል ነው። ለመጀመሪያው ግን የተሻለ መንገድ ይኖራል፤ ማጣሪያው አስቀድሞ በየአገሩ ተካሂዶ ወደ እኛ የሚመጡት ስምንት ብቻ ቢሆኑና በሁለት ምድብ ቢደለደሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሦስት ጨዋታ ያደርጋል። ይህ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። የውድድሩን ደንብ የሚያወጣው ሴካፋ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ውድድሩ አስተናጋጅ በሚቸግረው ዘመን ሜዳውንና አልጋውን ይዞ የሚቀርብ አገር ቃሉ ይሰማል፤ ይህን ቃል ደግሞ የምንሰጠው ከመፈረማችን በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

ቀጥሎ ስለ ሰዓት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚዘጋው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መሆኑን እያወቅን ከቀኑ 8 ሰዓት ጨዋታ ስናዘጋጅ፣ ለሥራ ፈትና ለተማሪ ብቻ እያዘጋጀን ነው፤ ተማሪውም ቢሆን ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናብ የለም፤ ምሽቱ ቢቀዘቅዝም ጋቢና ጃኬት ይበግረዋል። የመጀመሪያው ጨዋታ ከ10 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ቢደረግ፣ ከሥራ የወጣው ሰው የመጀመሪያውን ማጠናቀቂያና ሁለተኛውን ሙሉ ያያል። ለዚህም መብራቱ አስተማማኝ መሆን፣ ቀላል ባቡሩና የከተማ አውቶቡሶች በጨዋታ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ መቆየት አለባቸው። የ2008ቱ ውድድር ሲካሄድ ቀላል ባቡሩ አገልግሎት ከጀመረ ሁለት ወሩ ነበር፤ የሁለቱ መስመሮች መገናኛ የሆነው ክፍል ስታዲየም ጣቢያን ስለሚያካትት፣ ከአያትም፣ ከጦር ኃይሎችም፣ ከቃሊቲም የተነሣ ሰው ሳይቀያይር በር ላይ ይወርዳል። በዓለም ላይ ባቡር በሩ ላይ የሚያወርደው ስታዲየም ያለው ከተማ ሁሉ የሚመካበትን ነገር እኛ እስካሁን እንደ መንገድ መዝጊያ ነው የምናየው።

የዋጋው ነገርም ከሰዓቱ ጋር መታሰብ አለበት። በአንድ ትኬት ሁለት ጨዋታ ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ ችግሩ ዋልያዎቹ ሁለተኛ ሲሆኑ ሰው የሚገባው ለሁለተኛው ብቻ መሆኑ ነው። ከመጀመሪያው ጨዋታ መጀመሪያ በፊት የገባ ሰው ግማሽ ዋጋ ይክፈል፤ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ደግሞ ለመጀመሪያው ጨዋታ በነጻ ይግባ። ጥላ ፎቅ የሚቀመጠው ሰው ይህን ቅናሽ ላይፈልገው ይችላል፤ ከማን አንሼ በሚባለው ክፍል ለሚቀመጠው ደንበኛ ግን የግማሽ ዋጋ ልዩነት የመመለሻ ታክሲና ሻይ ማለት ነው።

ወደ በሩ ልሂድ። በትልቅ ጨዋታ ቀን ሰልፉ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስንገጥም ሰው ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ጋቢ ለብሶ አጥሩ ሥር አድሯል፤ ስመጣም ስሄድም አይቼዋለሁ። ያን ያህል ፍቅር ያለው ሕዝብ እንዲያድር መደረግ አልነበረበትም። ትኬት በቴሌብር አስቀድሞ ቢሸጥ፣ የመቀመጫ ቁጥርና የመግቢያ በር ቢኖረው፣ ከመቀመጫው ቁጥር በላይ ባይሸጥ፣ አየር በአየር የሚነግዱት ልጆች ከበሩ ፊት ይጠፋሉ፤ ዱላ ይዞ ሰልፍ የሚያስተካክል ጥበቃም አያስፈልግም። ስልኩ ባትሪ ለጨረሰበት ወይም በስልክ መክፈል ለማይሆንላቸው አዛውንት ግን ለገሃርና ፒያሳ አንዳንድ መስኮት ክፍት ይሁን።

በዚሁ በር ጉዳይ አንድ ነገር ከቤቴ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴት ልጄን ይዤ ወደ አንድ ውድድር ሄድኩ፤ አዘጋጁ ማን እንደነበረ ለዚህ ደብዳቤ አስፈላጊ ስላልሆነ አልጠቅስም። የወንዶቹ ፍተሻ በአራት በር ሲካሄድ ለሴቶች የቆመችው አንዲት ፈታሽ ብቻ ነበረች። እኔ ገብቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ስጠብቃት ጨዋታው ተጀመረ፤ 20 ደቂቃ አለፈ። ልጄ ስትገባ ፊቷ ላይ የቀባችው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ በላብ ተደባልቆ፣ «አባዬ፣ ስንት ለስንት ነው?» አለችኝ። በእረፍት ሰዓት መጸዳጃ ፈለገች፤ ለሴት ተብሎ የተከለለው ክፍል ተቆልፎ ቁልፉ ያለበትን ሰው የሚያውቅ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ «እንሂድ» ስላት «ቤት በቴሌቪዥን ይሻላል» ትላለች፤ እኔም አልከራከራትም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ስታዲየም ያስተናገደውን የሴካፋ ዞን የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ የንግድ ባንክ ሴቶች ሲያሸንፉ፣ እሷም ሜዳ ላይ እንድትገኝ በጣም ፈልጌ ነበር። ከተማዋ ግማሽ ተመልካቿን የምታጣው በአንድ ቁልፍና በሦስት ፈታሽ እጥረት ከሆነ፣ ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

የእንግዳ ቡድኖችን ጨዋታ ማን ይመለከተዋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ቦሌ ሚካኤል የሚኖረው የሶማሊያ ተወላጅ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ወደ አዲስ አበባ የመጣው የሱዳን ቤተሰብ፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚማረው ደቡብ ሱዳናዊ፣ በአፍሪካ ኅብረትና በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ የሚሠራው ኬንያዊና ሩዋንዳዊ አብሮን ይኖራል፤ እነዚህ ሰዎች የአገራቸው ባንዲራ የሚውለበለብበትን ጨዋታ የሚያጡት ባለማወቅ ነው። ለእያንዳንዱ ኤምባሲ የተወሰነ መቀመጫና አንድ በር ቢመደብ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ ቡድን ደግሞ ከአራዳ፣ ከቂርቆስ፣ ከልደታ ሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶች ተመድበው የቡድኑን መዝሙር እንኳ ባይሆን ስሙን ጠርተው እንዲደግፉ ቢደረግ፣ ያ ወደ ባዶ ደረጃ የሮጠው ጎል አግቢ የሚያቅፈው ሰው ያገኝ ነበር። ከውጭ ስለሚመጣውም ካሰብን፣ የጅቡቲና የኬንያ ዜጎች ያለ ቪዛ ይገባሉ፤ ከጅቡቲ ለቡ ድረስ የሚያመጣ ባቡርም አለ። ባቡሩ ከጨዋታው ቀን ጋር የሚገጥም ልዩ ጉዞ እንዲኖረው መጠየቅ የአንድ ደብዳቤ ሥራ ነው።

ከጎረቤቶቻችን የምንማረውም ይህንኑ ነው። በቻን ውድድር ናይሮቢ ካሳራኒ ላይ የነበረው ችግር የእኛ ተቃራኒ ነበር፤ ኬንያ ስትጫወት ትኬት የሌለው ሰው በሩን እየገፋ በመግባቱ ካፍ በቡድኗ ጨዋታ የሚገባው ሰው ቁጥር እንዲቀነስና መግቢያው በኤሌክትሮኒክ ትኬት ብቻ እንዲሆን አስገደደ። የራሳቸው ቡድን ሲጫወት ሜዳው ከልክ በላይ ሞልቶ፣ ከሜዳው ከፊሉ ባዶ እንዲሆን ተፈረደባቸው። የእኛ ባዶነትና የእነሱ መጨናነቅ ሁለት በሽታ ቢመስልም፣ ሁለቱም የሚመጡት ማን፣ መቼ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ አስቀድሞ ካለመታወቁ ነው።

ስለ ሜዳው ምርጫ አጭር ነገር ብቻ ልበል። ሁሉንም ጨዋታ በትልቁ ስታዲየም ማድረግ ለፎቶ ያምራል፤ 5,000 ሰው ግን በ60,000 መቀመጫ መሀል ባዶነትን እንጂ ሕዝብን አያሳይም፤ ያው 5,000 ሰው አበበ ቢቂላ ስታዲየም ቢገባ ደግሞ ጩኸቱ እስከ ውጭ ይሰማል። የመክፈቻውና የፍጻሜው ጨዋታ በትልቁ ይሁን፤ የምድቡ ጨዋታ በትንሹና መመዘኛውን ካሟላ በመሀል ከተማው ስታዲየም ይሁን። ሐዋሳና ባሕር ዳርም አይረሱ፤ ነገር ግን አንድ ምድብ ወደ አንድ ከተማ ከሄደ እስከ መጨረሻው እዚያው ይቆይ እንጂ ቡድኖቹ በየሁለት ቀኑ ሻንጣ እንዲያነሡ አይደረግ። ሕዝብ የኔ የሚለው ደጋግሞ ያየውን ቡድን ነው።

ከላይ ከዘረዘርኩት ሁሉ ገንዘብም ሆነ የማንም ፈቃድ የማይጠይቀው አንድ ነገር በመሆኑ መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ 70ኛው ደቂቃ ላይ የገባው ሰው ቁጥር በድምፅ ማጉያ ይነገር፤ በማግስቱም በፌዴሬሽኑ ገጽ ላይ በየበሩ ተለይቶ ይውጣ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆንም ጭምር። ካታንጋ 9,000፣ ከማን አንሼ 300 ከተባለ ቀጣዩን ዋጋና ሰዓት ለመወሰን ስብሰባ ሳይሆን ወረቀት ይበቃል።

ፌዴሬሽኑ የማስተናገጃ ጥያቄውን ለሴካፋ ከማቅረቡ በፊት የድልድሉን ሐሳብ፣ የጨዋታ ሰዓቶቹንና የትኬት ዋጋውን ረቂቅ ለሕዝብ ይፋ አድርጎ ለሁለት ሳምንት አስተያየት እንዲቀበልበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። በሐሳቤ ላይ ስህተት ካለ ለመታረም ዝግጁ ነኝ፤ በተለይ የሦስት ቡድን ምድብ የሚለውን ብዙዎች እንደማይቀበሉት ስለምገምት፣ የተሻለ ድልድል ያለው ሰው ስሌቱን ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
ከለገሃር አካባቢ አንድ ተመልካች

ግልባጭ፦
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ
ለእግር ኳስ ደጋፊ ማኅበራት በሙሉ